ሁለት ባላ ትከል

“ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” የሚል የቆየ አባባል አለን። ባላ ማለት ጫፉ ለሁለት የተከፈለ፣ ሌላ እንጨት ደግፎ የሚይዝ ምሰሶ ነው። አባባሉ የሚመክረን አንድ ድጋፍ ብቻ ይዘን እንዳንቀመጥ ነው። እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ ይህን ምክር ችላ ብዬ ነበር። ምን እንዳጣሁና ከዚያ በኋላ ለቤታችን ምን ዓይነት የጋራ ማከማቻ እንደመረጥኩ ዛሬ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እማዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቶሮንቶ ስትመጣ፣ አባቴ እኔንና ታላቅ እህቴን ይዞ አዲስ አበባ ቀረ። ስልክ ውድ ነበር። ስለዚህ አባቴ ድምፁን በካሴት እየቀዳ፣ ወደ ካናዳ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ ይልክላት ነበር። ስለ ቤት፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እኛ ትምህርት ያወራል። አንዳንዴ የእኔም የሕፃን ድምፅ ከኋላ ይሰማል። ካሴቶቹ 11 ነበሩ።

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ በ2012፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኳቸው። ካሴቶቹ ደግሞ በካርቶን ሆነው ምድር ቤት ገቡ። ጁላይ 8 ቀን 2013 ቶሮንቶ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። በፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ 126 ሚሊ ሜትር ተመዘገበ። የኛም ምድር ቤት ውሃ ገባበትና ካሴቶቹ ተበላሹ። “ግድ የለም፣ ዲስኩ አለ” ተባባልን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚህ የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ዲስኩን ከዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ዲስኩን ያዘጋጀሁት ለማክ ስለነበር ኮምፒውተሩ ሊያነበው አልቻለም፤ ፎርማት ይደረግ እንደሆነ ጠየቀው። ወንድሜም ዲስኩ ባዶ መስሎት “እሺ” አለ። ከዚያም ፊልሞች ጫነበት።

በፈጣኑ ፎርማት የሚጠፋው የዲስኩ ማውጫ ነው። ፋይሎቹ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ይቆያሉ። ስለዚህ በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም 7ቱን ቅጂዎች አወጣኋቸው። በ4ቱ ላይ ግን ፊልም ተጽፎባቸው ነበር፤ ጠፉ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ ወዲያውኑ ዲስኩን ንቀሉት፤ ምንም አትጻፉበት።

ወንድሜ በጣም አዘነ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። የአባታችንን ድምፅ በአንድ ባላ ላይ ሰቅዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ብዙ ቋንቋ ያለበት ቤት

ቤታችን ዌስተን ውስጥ፣ ከሐምበር ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። እማዬ ታብሌት አላት። ወንድሜ ዊንዶውስ፣ እህቴ ማክ፣ እኔ ደግሞ ሊኑክስ እንጠቀማለን። እህቴ የምትኖረው ስካርቦሮ ቢሆንም ቅዳሜና እሁድ ላፕቶፕዋን ይዛ ትመጣለች።

አንድ ዲስክ እየተዋዋሱ ለመጠቀም ይህ አስቸጋሪ ነው። ማክ የዊንዶውስን ዲስክ ያነባል፣ ግን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጽፍበትም። ዊንዶውስ ደግሞ የማክን ዲስክ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ጭራሽ አያነብም። ኤክስፋት የሚባለው አቀራረጽ ለሁለቱም ይሠራል። ነገር ግን ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ዲስኩ ድንገት ቢነቀል በቀላሉ ይበላሻል።

ከዚህ የሚያወጣን በኔትወርክ የሚሠራ ማከማቻ ነው፤ በአጭሩ ናስ ይባላል። ናስ ውስጡ ዲስኮች ያሉት፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የሚገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ዲስኮቹን የሚያነብና የሚጽፍባቸው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች “ይህን ፋይል ስጠኝ፣ ይህን አስቀምጥልኝ” ብለው በኔትወርክ ይጠይቁታል። እናንተ ለአያታችሁና ለጎረቤታችሁ እንደምታስተረጉሙት ማለት ነው፤ አያት እንግሊዝኛ፣ ጎረቤትም አማርኛ መማር አይጠበቅባቸውም።

መነጋገሪያ ቋንቋው ኤስ ኤም ቢ ይባላል። በ1983 አይቢኤም ውስጥ ተጀመረ፤ በኋላ የዊንዶውስ ዋና ቋንቋ ሆነ። በ1991 መጨረሻ አንድሩ ትሪጅል የሚባል የካንቤራ፣ አውስትራሊያ ተማሪ፣ ሌሎች ኮምፒውተሮችም ይህን ቋንቋ እንዲናገሩ የሚያስችል ነፃ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ይህ ፕሮግራም ሳምባ ይባላል። አፕልም በ2013 የራሱን የቆየ ቋንቋ ትቶ ኤስ ኤም ቢን አስቀደመ። ስለዚህ ለተቀላቀለ ቤት ዛሬ የሚመረጠው ኤስ ኤም ቢ ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እትም ይሁን። አንደኛውን እትም ግን ዝጉት፤ በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተሰራጨው በእሱ ቀዳዳ በኩል ነው።

ምን መረጥኩ?

በመጀመሪያ፣ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን መረጥኩ። እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ ኩባንያዎች ይሠሩታል፤ ብዙ ጊዜ ሣጥኑ የሚሸጠው ያለ ዲስክ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ አስገባሁና አንዱ የሌላው መስታወት እንዲሆን አደረግኩ። የሚገኘው ቦታ 8 ሳይሆን 4 ቴራባይት ብቻ ነው። ነገር ግን አንዱ ዲስክ ቢሞት ሁሉም ነገር በሌላው ላይ አለ።

ሁለተኛ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኘሁት። በተለመደው የ1 ጊጋቢት ኬብል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያልፋል። 100 ጊጋባይት ቪዲዮ በሩብ ሰዓት ያህል ይገለበጣል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ ስም ሰጠሁ። የቤተሰቡን ፎቶና ድምፅ ሁላችንም ማየትና መስማት እንችላለን፤ መሰረዝ የምንችለው ግን እህቴና እኔ ብቻ ነን። ወንድሜ ይህን ሲሰማ “ገባኝ፣ ገባኝ” ብሎ ሳቀ።

አራተኛ፣ ሣጥኑን ከውጭ ኢንተርኔት ዘጋሁት። በጁን 2021 ማይ ቡክ ላይቭ የሚባሉ የቆዩ የቤት ማከማቻዎች በኢንተርኔት በኩል ተጠቅተው፣ ብዙ ሰዎች ያስቀመጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰርዞባቸዋል። ራውተር ላይ ለናስ በር አትክፈቱ፤ ማሻሻያ ሲመጣም ቶሎ ጫኑ።

ሁለተኛው ባላ የት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ዲስኮች ሁለት ባላ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። መስታወት ስህተትንም ያሳያል፦ ከአንዱ ላይ ፋይል ብትሰርዙ ከሌላውም ይሰረዛል። ሌባ ቢወስደው፣ እሳት ወይም ውሃ ቢደርስበት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እኛ ሰፈር ውሃ ተረት አይደለም። በኦክቶበር 15 ቀን 1954 ሌሊት ሄዘል የተባለው አውሎ ነፋስ ሐምበርን አስቆጣው። ከዌስተን ወንዙን ተሻግሮ ባለው ሬይሞር ድራይቭ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተወሰዱ፤ በዚያች አንዲት መንገድ ብቻ 35 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ቦታው መናፈሻ ነው። እማዬ ጋር እዚያ በእግር በሄድን ቁጥር ያ ምድር ቤት ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ናሱን ሳሎን፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እህቴ ቤት ደግሞ ሌላ ዲስክ አለ። በየወሩ ይዛው ትመጣለች፣ አዲሱን ገልብጠንበት ይዛው ትመለሳለች። ዲስኩ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንም እንዳይከፍተው በይለፍ ቃል ተቆልፏል። አንድ ሌላ ነገርም እናደርጋለን፦ ከመለያየታችን በፊት አንድ ፋይል ከዲስኩ ላይ ከፍተን እናያለን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ፣ አለ ተብሎ አይታመንም።

የፋይሎቹን ስም በፊደላችን ጻፍን። ዩኒኮድ ከ1999 ጀምሮ የግዕዝን ፊደል ስለያዘ ሦስቱም ዓይነት ኮምፒውተሮች ያነቡታል። ዓመቱን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። አባቴ በካሴቱ ሽፋን ላይ “ኅዳር 1985” ብሎ ጽፎ ነበር፤ እህቴም 1985 በሚል ፎልደር አስገባችው። እሱ የጻፈው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለነበር በፈረንጆቹ 1992 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። አሁን ሁለቱንም ዓመት እንጽፋለን።

ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ እማዬ ታብሌቷን ከፈተችና ከ7ቱ አንዱን አጫወተች። አባቴ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራ ይስቃል። እማዬም ሳቀች፤ ከዚያ “ያኛውስ? ስለ ቤቱ ጣሪያ ያወራበት?” አለች። እሱ ከ4ቱ አንዱ ነበር። ማናችንም መልስ አልነበረንም። እሷ ግን የምታስታውሰውን ነገረችን፤ እህቴ በስልኳ ቀዳችው። ያ ቅጂ አሁን ዌስተንም ስካርቦሮም አለ።

በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “የድሮ ካሴትና ፎቶ የት ነው ያለው?” መልሱ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን ባላ ዛሬውኑ ትከሉ። እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።