የእድሩ መዝገብና ከርሰሩ

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን እድር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለና “አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል?” ተብዬ ተመረጥኩ። (ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ፕሪንተርም ይጠግናል፣ እድርም ያዘምናል።) አንድ ቴብል ለአባላት፣ አንድ ለክፍያ፣ ፓይተንና ኤስኪውላይት። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው አልኩ።

አባላቱን በከርሰር እያነበብኩ፣ ሉፑ ውስጥ በዚያው ከርሰር የእያንዳንዱን ክፍያ ጠየቅኩ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን አባል አትሞ ጸጥ አለ። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ የለም። ለካ ከርሰር ማለት መዝገቡ ላይ ያስቀመጥከው ጣት ነው፤ በዚያው ጣት ሌላ ገጽ ከገለጥክ የነበርክበት መስመር ጠፋ።

ሁለተኛ ከርሰር መክፈት ይቻላል፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ አድርገን እንገላገላለን። ግን 300 አባል ካለ 301 ጥያቄ ነው። ኤስኪውላይት እዚያው ማሽን ላይ ስለሆነ ይታገሳል፤ ዳታቤዙ ከኔትወርክ ማዶ ከሆነ ግን እያንዳንዷ ጥያቄ ደርሶ መልስ ትጓዛለች። ስለዚህ ጆይን።

የተዋረድኩት እዚህ ላይ ነው። 12 ወር የከፈለ አባል በጆይኑ ውጤት 12 ጊዜ ይመጣል። ከአባላት ቴብል የመጣው የመግቢያ ክፍያም እንደዚሁ 12 ጊዜ። ሉፑ ውስጥ ደምሩትና እድሩ በአንድ ሌሊት ሀብታም ይሆናል። ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው፣ አንድም ክፍያ የሌለው አባል በተራ ጆይን ጭራሽ ከውጤቱ መጥፋቱ ነው። ጸሐፊው ጋሼ ህትመቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና “ልጄ፣ እማማስ?” አሉኝ። አቅም ስለሌላቸው እድሩ ከወርሃዊ መዋጮ ነጻ ያደረጋቸው እናት ናቸው። እድር ውስጥ ስም ከዝርዝር ጠፋ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሌፍት ጆይን ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ክፍያቸው ባዶ ሆኖ ስማቸው ይወጣ ነበር።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር፦ የሉፕ ፍቅራችን በዝቷል። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ሪሌሽናል ሞዴልን ሲያቀርብ ዳታን እንደ ስብስብ እንድናይ ነበር። እኛ ግን መስመር በመስመር እየጎተትን በእጃችን እንደምራለን። ድምሩን በግሩፕ ባይ ለዳታቤዙ ተዉለት! ከርሰር ክፉ ነው አልልም። ውጤቱ ሚሊዮን መስመር ከሆነ ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ከመዘርገፍ አንድ በአንድ ማንበብ ያዋጣል። ለየአባሉ የክፍያ ዝርዝር ማተምም የሉፕ ሥራ ነው። ያኔም ቢሆን ኦርደር ባይ አይረሳ፤ ያለሱ የአንድ አባል መስመሮች ተከታትለው ለመምጣታቸው ዋስትና የለም። ድምሩን አባል ሲቀየር የምታትሙ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ሰው ድምር ከሉፑ ውጪ አትሙ፤ ከእሱ በኋላ “አባል ተቀየረ” የሚያሰኝ መስመር አይመጣም።

ጋሼ የወረቀቱን መዝገብ አልጣሉም። በየወሩ ከእኔ ህትመት ጋር በጣታቸው መስመር በመስመር ያመሳክራሉ። እኔም ይተዉት አላልኳቸውም።