ቧንቧው ሲደርቅ ቅሬው ይሰብሰብ

ቆቦ ውሃ የላትም የሚል ሰው ቆቦን አያውቃትም። ከምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ ከምሥራቅ የዞብል ተራራ የያዙት ይህ ሜዳ ላዩን ሲያዩት አቧራና ማሽላ ነው። ከሥሩ ግን ደጋው ዘመን ከዘመን ያወረደው ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ተደራርቦ ውሃ አቁሯል። የሆርማት ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሲታይ ውሃው ጠፍቶ አይደለም፤ ሰርጎ ነው። በ1990ዎቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮልን በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ የጀመርነው በዚሁ ውሃ ነው።

ታዲያ ቧንቧችን ምን ነክቶት ነው ደርቆ የሚከርመው? መልሱ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ውሃው በራሱ አይወጣም፤ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ማጠራቀሚያው ይጎድላል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ዝቅ ያለው ሰፈር ቀድሞ ይቀዳና ከፍ ያለው ሰፈር የሚደርሰው የአየር ፉጨት ብቻ ነው። ጀኔሬተር አለ ሲባል ነዳጅ የለም፤ ነዳጅ ተገኘ ሲባል መለዋወጫ የለም። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ክረምት፣ እንደገናም በ2014 ነሐሴ ማብቂያ ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ተመልሶ ሲገባም የጠበቀው ጨለማና ደረቅ ቧንቧ ነበር። ከዚያ ወዲህም ነገሩ ተስተካክሎ አያውቅም።

ውሃ እያለ መቸገር ግን ዛሬ አልጀመረም። በ1977 ኮረም ላይ የፈሰሰውን ረኀብተኛ ዓለም በቴሌቪዥን እያየ ሲያለቅስ፣ ከኮረም ቁልቁል ያለው የእኛ ሜዳ ውሃውን ታቅፎ ተኝቶ ነበር። ከእግራችን ሥር መኖሩ ብቻ አላጠጣንም። የሚያወጣው፣ የሚያከፋፍለውና የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬም ያስፈልገዋል።

እስቲ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ቦኖ ጋ ሄዳችሁ ቁሙ። ቢጫ ጀሪካኖች በሲባጎ ተያይዘው ተሰልፈዋል። ክዳኑ የጠፋበት አፉ በፌስታል ተወትፏል፣ የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፎበታል። ጀሪካን የሌለው ተራውን በድንጋይ አስይዟል። ወረፋውን የምትጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ናት፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ በስልክ መብራት ታነባለች፣ ቧንቧው ድምፅ ሲያሰማ ብድግ ትላለች። ነሐሴ ላይ በሶለል በዓል ስትጨፍር የምናጨበጭብላት ያችው ልጅ ናት። ጠዋት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ ግን መምህሯን እንጂ እኛን የሚጠይቀን የለም።

እኛስ ምን አደረግን? እያንዳንዳችን በየግቢያችን መላ መታን። አቅም ያለው ሮቶ ሰቀለ፣ የሌለው በጋሪ የመጣ ውሃ በጀሪካን ገዛ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ሞተር ገጥሞ መሳብ ነው። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹን ሊያጥብ የፈለገ አባት ነው፣ እንግዳ የመጣባት እናት ናት። ነገር ግን ያ ሞተር ሲነሳ የጎረቤት ቧንቧ ጸጥ ይላል። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። ባዶ መስመር በኃይል ሲሳብ በተሰነጠቀው ቱቦ በኩል የቦዩንና የሽንት ቤቱን እድፍ ይዞ ይገባል። ባለሞተሩ የጠጣው ውሃ ከሁላችንም የቆሸሸው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኛ ውሃ በጋራ ማስተዳደር የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም። ይህ ሸለቆ ጎርፍ በተራ ሲያከፋፍል የኖረ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል፣ እዚህ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ድንገት ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። ጎርፉ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። በነዚያ ሰዓታት በድንጋይ፣ በጭራሮና በአሸዋ ጠልፎ ማሳ ውስጥ ያላስገባው ገበሬ ዓመቱን ያጣል፤ ብቻውን የሚችለው ደግሞ የለም። ስለዚህ አባቶቻችን የውሃ አባት መረጡ። የውሃ አባት ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ተራ ያወጣል። ከላይ ያለው ማሳ ሲጠጣ ወደ ታች እንዲለቅ ያደርጋል። ሀብታም ቢሆን፣ ዘመድ ቢሆን፣ ነፍጥ ቢኖረው ተራው ተራ ነው። ሌሊት ጎርፉ ሲያጓራ «ወንዝ መጣ!» ተብሎ ሲጮህ አካፋውን ይዞ የማይወጣ አልነበረም።

ያንን ያደረገ ሕዝብ አሁን በግማሽ ኢንች ቧንቧ ይሸነፋል? እኔ አላምንም። የጎደለን ያ ሥርዓት ከማሳው ተነሥቶ ወደ ከተማው አለመግባቱ ነው። ድርጅቱ ደግሞ በእጃችን አለ፦ የቀብር ማኅበራችን ቅሬ። ቅሬው የአባላት መዝገብ አለው፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ይወጣል። ድንኳንና ድስት የገዛው ለሞት ቀን ነው፤ በሕይወት ላለው አባሉም ውሃ ማሰብ ያቅተዋል ብዬ አልገምትም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ በሚቀበርበት አገር ደግሞ ከዚህ የተሻለ መሰብሰቢያ አይገኝም።

የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩ ነው። እያንዳንዱ ቅሬ በሰፈሩ ከመስመር የሚስብ ሞተር እንዳይኖር ይወስን። ከራስ ማጠራቀሚያ ወደ ጣሪያ ሮቶ የሚያወጣ ሞተር ማንንም አይጎዳም፤ ከቧንቧው የሚመጠው ግን ይነቀል። መጀመሪያ በሽማግሌ፣ አልሰማ ላለ ደግሞ ለቀብር በቀረ ሰው ላይ በሚጣለው ዓይነት ቅጣት። ቀጥሎ ፍሳሽ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያፈሳል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ጎማው ያለቀበትን ቡሽ መቀየር የሚችል ወጣት በየሰፈሩ አለ፣ ቅሬው ቁልፍና መለዋወጫ ይግዛለት።

ከዚያ ጣሪያው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ የምናባክነው እዚህ ነውና። አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው በርሙዳ ወንዝም ጣፋጭ ውሃ ያለው ሐይቅም የላትም። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ የጣሪያውን ዝናብ ወደ ምድር ቤት ማጠራቀሚያ እንዲያወርድ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ጣሪያው እንደ ደረጃ ተሠርቶ በነጭ ይቀባል። እነሱ ደሴት ስለሆኑ ነው እንዳትሉኝ። መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ ቦቴ ሳይደርስ ሲቀር ቆቦም በየብስ መካከል ደሴት ናት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት 100 ሚሊ ሜትር ሲዘንብለት፣ አምስተኛው እጅ ባከነ ብንል እንኳ 3,200 ሊትር ይቀራል፤ 160 ጀሪካን። የ300 ካሬ ሜትር የትምህርት ቤት፣ የመስጊድ ወይም የአዳራሽ ጣሪያ ደግሞ በዚያው ዝናብ 24,000 ሊትር ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ይህ ሁሉ መንገዱን አጨቅይቶ ወደ ሆርማት ይወርዳል፤ በጥቅምት ደግሞ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን።

አሸንዳ የቆርቆሮ ሠራተኞቻችን የሚሠሩት ነገር ነው። በየቤቱ ትልቅ ማጠራቀሚያ መግዛት ይከብዳል፤ በአንድ ሰፈር አንድ የጋራ ማጠራቀሚያ ግን በደቦ ተቆፍሮ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ክዳንና ቁልፍ ተደርጎለት ይያዛል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። የጣሪያ ውሃ ለልብስ፣ ለእቃ፣ ለገላ ይሁን፤ ለመጠጥ ከሆነ ይታከም። ቧንቧው ቆይቶ ሲመጣም የመጀመሪያውን ድፍርስ አትጠጡ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ «ውሃ አጋር» የተባለውን ማከሚያ ጨምሩበት፣ ልኩና የሚቆይበት ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እሱም ከጠፋ ጥርት ያለ ውሃ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት የጠራ ፀሐይ ላይ ማስተኛት ብዙውን ጀርም ይገድላል። ፀሐይ ደግሞ ቆቦ ላይ ተርፎ የሚሸጥ ነው!

ይህ ሁሉ ግን መንግሥትን ከግዴታው ነጻ አያወጣም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ለገጠር ነዋሪ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር፣ ለከተማ ነዋሪ እንደ ከተማው ደረጃ ከ40 እስከ 100 ሊትር እንዲደርስ ልክ አስቀምጦ ነበር። አምስት ሆኖ ሁለት ጀሪካን ለሁለት ቀን የሚያብቃቃ ቤተሰብ ለአንድ ሰው የሚደርሰው በቀን 4 ሊትር ነው። ይህን ቁጥር ይዘን ወደ መንግሥት ቢሮ እንግባ። የምንጠይቀውም የታወቀ ይሁን፦ የፈረቃው ፕሮግራም በየቦኖው በትልቁ ይለጠፍ፤ ሲዛባም ምክንያቱ በዚያው ቀን ይነገር። ከፍ ያለው ሰፈር በሳምንት ቢያንስ አንድ ሌሊት ታችኛው ተዘግቶ ይድረሰው። ለመጠጥ ውሃ ጉድጓዶቹ የሚሄደው የመብራት መስመር ከሌላው ተለይቶ ቅድሚያ ያግኝ፤ ቢያንስ አንዱ ጉድጓድ በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ጥናቱ ይጀመር። ጥያቄውን አንድ ሰው ይዞ ቢሄድ «ነገ ና» ይባላል። ሠላሳ የቅሬ ሰብሳቢ በአንድ ደብዳቤ ላይ ፈርሞ በአንድ ጠዋት ቢቆም ግን ወንበር ይቀርብለታል።

ሮቢት፣ ጎብዬ፣ አራዶም ያላችሁ፣ ይህ የቆቦ ከተማ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በእናንተም ፓምፕ ላይ የሚሄደው መብራት ያው ነው። በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በሪያድ ያላችሁ የራያ ልጆች፣ ለእናት ሮቶ መግዣ መላካችሁን እናውቃለን፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። የዘንድሮውን ግን ሰብሰብ አድርጋችሁ ለአንድ ትምህርት ቤት አሸንዳና ማጠራቀሚያ አድርጉት፤ ያች ልጅ ደብተሯን ቦኖ ሥር ሳይሆን ክፍሏ ውስጥ እንድትዘረጋ።

ዝናቡ ሳይገባ ጊዜው አሁን ነው። በሚመጣው የቅሬ ቀን ከቀብር ወሬ በፊት የውሃው ይነሣ። ሦስት ሰው ምረጡ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ወረፋውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለሦስቱ ደብተር ስጧቸው፦ ቧንቧው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሄደበትን፣ የሚያፈሰውን ቤት፣ ሞተር ያለበትን ግቢ፣ ጀሪካን መሸከም የማይችሉትን አዛውንትና ነፍሰ ጡር ይመዝግቡ። ለነዚህ ወጣቶቹ በተራ ይቅዱላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሰብሳቢዎቹ ደብተሮቻቸውን ይዘው ይገናኙና ደብዳቤው ይጻፍ፤ በሦስተኛው የማጠራቀሚያው ቁፋሮ ደቦ ይጠራ። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ቆሎና ጠላ ወይም ቡና ይዞ ይምጣ።