«ነፃነት ይቅደም፣ ምርጫው ይደርሳል» ለሚሉን

ወገኖቼ ሆይ፤ «መጀመሪያ ነፃነት ይምጣ፤ የፓርቲና የምርጫ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚል አባባል በየጎጆው በርክቷል። እንዲህ የሚሉን ሰዎች የባቡራችንን መድረሻ ጅቡቲን ረስተዋታል።

ፈረንሳይ የዚያችን ትንሽ አገር ሕዝብ ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1967 «ከፈረንሳይ ጋር እንኑር» የሚለው አሸነፈ ተባለ። በ1967ቱ ድምፅ ሰሞን በሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ከአገር ተባረዋል። መራጩን አባርሮ ምርጫ! ይህ የቅኝ ገዢ ሥራ ስለሆነ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እናወግዘዋለን። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሦስተኛው ነው።

ሜይ 8 ቀን 1977 በአንድ ቀን ሁለት ጥያቄ ቀረበ። ነፃነት ትፈልጋላችሁ ወይ? ከመቶ ከ98 በላይ የሚሆነው አዎን አለ፤ እሰየው። በምክር ቤቱ ማን ይቀመጥ? ለዚህኛው የቀረበው አንድ ዝርዝር ብቻ ነበር። 65ቱ ወንበር ለሶማሌ 33፣ ለአፋር 30፣ ለዐረብ 2 ተብሎ አስቀድሞ ተደልድሏል። ታዲያ ሕዝቡ ምኑን መረጠ? ሌሎች የደለደሉትን አጸደቀ እንጂ።

«ጊዜው አስጊ ነበር፤ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ግራና ቀኝ አፍጥጠውባት ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው። ነገር ግን ጁን 27 ቀን 1977 ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ አንዱ ዝርዝር መች ሁለት ሆነ? በ1981 አንድ ፓርቲ ብቻ በሕግ ተፈቀደ። በ1991 የአፋር ታጣቂዎች ጦርነት ከፈቱ። ብዙ ፓርቲ ተፈቅዷል በተባለበት በ1992ቱ ምርጫ እንኳ 65ቱንም ወንበር ገዢው ፓርቲ ጠቅልሎ ወሰደ፤ በየወረዳው ያሸነፈ ዝርዝር ሁሉንም ይውሰድ የሚል ሕግ ነበረና። ሐሰን ጉሌድ እስከ 1999 ገዙ።

«ሱዳንስ በ1953 ነፃነት ሳታገኝ በብዙ ፓርቲ መርጣ ምን አተረፈች? በ1958 ጄኔራል አቡድ አልገለበጠም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ገልብጧል። የደቡቡም ሰው ገና ከጅምሩ ተገፍቷል፤ ይህን አልሸፋፍንም። ሆኖም በኦክቶበር 1964 የካርቱም ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አቡድን ሲያወርድ፣ ምን እንደተቀማ ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ተከራክሮ ያልመረጠ ሕዝብ ምኔን ተቀማሁ ብሎ ይጮኻል?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለታሪክ ብቻ አይደለም። እዚሁ ሶባ ለሰፈር ኮሚቴ የታጩ ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ተጽፎ «እጅ አውጡና ይጽደቅ፤ እኛ ስደተኞች ነን፣ መከፋፈል አያምርብንም» እየተባለ ነው። በወረቀቱ ላይ ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወዳጆቼ ናቸው። እኔ ሁለተኛ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ እጄን አላወጣም።