ክረምትና ሕፃናት፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዲላና በጌዴኦ ትንንሾቹን ማን ይጠብቃል?

ሐምሌ ገባ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የወላጅ ሥራ ግን አልተዘጋም። ዲላ ገበያ ላይ የምትቸረችረው እናት ዛሬም ትወጣለች። ቡሌ ደጋው ላይ እንሰት የምትፍቀዋም፣ ቢሮ የምትገባዋም እንደዚያው። ታዲያ ከ5 ዓመት በታች ያለው ልጅ ቀኑን ከማን ጋር ይውላል?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ከ8 ወይም ከ9 ዓመት እህቱ ጋር። እሷም ልጅ ናት፤ መጫወት ያምራታል። ትልልቆቹ ወንዝ ሲወርዱ ትንሹ ይከተላል፣ መንገድ ሲሻገሩም ይከተላል። በትምህርት ወቅት ቢያንስ የአፀደ ሕፃናትና የ"ኦ" ክፍል ልጆች ግማሽ ቀን አጥር ውስጥ ይውሉ ነበር። አሁን እሱም የለም።

ክረምት ሲመጣ ለወላጅ የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው "ልብስ ደርቡላቸው" የሚል ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን እኮ ደጅ የሚውል ሕፃን ትልቁ ጠላት ብርድ አይደለም፤ ውሃ ነው። ለመጸዳጃ ቤት ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ፣ መሠረቱ ወጥቶ የቆመ ግንባታ፣ ክዳን የሌለው የውሃ ጉድጓድ፣ ከጣሪያ ሥር የተቀመጠ በርሜል፣ ሁሉም በዝናብ ይሞላሉ። የ2 ዓመት ልጅ ለአዋቂ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ሲሰጥም ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

የጌዴኦ ሁኔታ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። አንደኛ፣ ዝናባችን የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት በሁለት ዙር ይመጣል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ውሃ የሚይዝበት ጊዜ ረጅም ነው። ሁለተኛ፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድራችን ቤቱን ከእንሰቱ፣ እንሰቱን ከቡናው፣ ቡናውን ከዛፉ ጋር ያቀፈ ነው። ውበታችንም ኑሯችንም ይኼ ነው። ግን ከበር አሥር እርምጃ የራቀ ሕፃን ከቅጠሉ ጀርባ አይታይም። ሦስተኛ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በአንድ በኩል ከባድ መኪና፣ በሌላ በኩል ባጃጅ፤ ኳስ ያመለጠችው ልጅ ግን ግራ ቀኝ አያይም።

"ድሃ አገር ምን ይደረጋል?" የሚል ካለ ባንግላዲሽን ይመልከት። እንደ ጌዴኦ ሕዝብ የተጨናነቀበት፣ ዝናብ የሚበዛበት፣ ገጠሩ የሰፋ አገር ነው። እዚያ "አንቻል" የሚባሉ የመንደር ማቆያዎች ተከፈቱ። ዘመናዊ ሕንፃ አልተሠራላቸውም፤ በየመንደሩ አንድ ክፍል ተገኘ፣ አንዲት የሠለጠነች የሠፈር ሴት ከረዳት ጋር ተመደበች፣ እስከ 25 ሕፃናት ተሰበሰቡ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 7 ነው፤ እናት በሥራ የምትወጠርበት፣ ልጅም የሚሰጥምበት ሰዓት። በማቆያዎቹ በሚውሉ ሕፃናት ላይ በውሃ የመሞት አደጋ ከ80 በመቶ በላይ መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ያዳናቸው ገንዘብ ሳይሆን፣ ሥራዬ ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

እኛ አገር ሕጉ የሚያስበው በዋናነት ተቀጣሪዋን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ጥሩ። ጉልት ላይ ለምትቀመጠው፣ እንጨት ለምትሸከመው፣ በቀን ሥራ ለምታድረው እናትስ? እሷ መሥሪያ ቤት የላትም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለመጀመር የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እጃችን ላይ አለ። የትምህርት ቤቶች ግቢ ታጥሮ ባዶውን ቆሟል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉ የሕፃናት መማሪያ ክፍሎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ባብዛኛው ሰው የለባቸውም። በየዓመቱ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተብሎ ወጣቱና ተማሪው ይወጣል፤ ችግኝ ይተክላል፣ የአረጋውያንን ቤት ያድሳል፣ ደም ይለግሳል። ታዲያ የተከደነ ጉድጓድና የታጠረ ኩሬስ ለምን በሪፖርቱ አይቆጠርም? ሙሉ ቀን የምትቆይ፣ አበል የሚከፈላት አንዲት ኃላፊ በየማቆያው ብትመደብና በጎ ፈቃደኞች ቢያግዟት ቀበሌ የማይችለው ነገር አይደለም።

አሁን ማቆያ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ልጆች ደጅ ሲወጡ እነዚህን አትርሱ፦

✅ ከመውጣታቸው በፊት ግቢውን ዙሩ፤ ሌሊት የዘነበው የት እንደተጠራቀመ እዩ። በርሜልና ባልዲ ይደፋ ወይም ይከደን።
✅ ሲወጡም ሲገቡም ቁጠሯቸው። ጠባቂዋ ስልክ ላይ ከሆነች ጠባቂ የለም ማለት ነው።
✅ የመንገድ ዳር በር ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቆለፍ።
✅ ጫማ ይኑራቸው፤ ጭቃው ውስጥ ሚስማር አለ።
✅ ፀሐይ በወጣ ቀን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይጫወቱ፤ የፈላ ወይም የታከመ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ።

ይኼ ጉዳይ ከክረምቱ ጋር አያልቅም። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ይደርሳል። እናቶች ልጃቸውን አዝለው ለለቀማና አልጋ ላይ ቡና ለመምረጥ ወደ እሸት ቡና መፈልፈያዎች ይሄዳሉ። እዚያ ደግሞ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች አሉ፤ ላዩ በገለፈት ተሸፍኖ መሬት ይመስላል። ስለዚህ የመፈልፈያ ባለቤቶችም ሆኑ የገበሬ ማኅበራት ጉድጓዱን ማጠርና ለሕፃናት አንድ ጥላና አንዲት ጠባቂ ማዘጋጀት ያለባቸው አሁን ነው፤ ቡናው ቀልቶ ሁሉም ሲሯሯጥ አይደለም።

ለዞኑ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ለትምህርት መምሪያና ለዲላ ከተማ አስተዳደር ጥያቄያችን አጭር ነው፦ በዚህ ክረምት ስንት የትምህርት ቤት ግቢ ለሕፃናት ይከፈታል?

እናንተስ፣ በሠፈራችሁ ያልተከደነ ጉድጓድ አለ? የት እንደሆነ ጻፉልን። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ በእንጨትም በቆርቆሮም ክደኑት።