የወጣውና የቀረው

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ከባልንጀሮቻችን አንዳንዶቹ፣ «በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ገባር ሆኖ የተወለደ ገባር ሆኖ ይሞታል፤ በእኛ አገር ግን ምርኮኛው ሚኒስትር ይሆናል» አሉ። ማስረጃቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በልጅነታቸው ተማርከው ምኒልክ ግቢ ገቡ፣ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻም ከጦር ሜዳ የተገኙ ልጅ ነበሩ፤ በዐድዋ በመድፈኝነት ስማቸው ተጠራ፣ ኋላም ሲዳሞን ገዙ።

ከጀውሃና ከሸዋ ሮቢት ለመጣነው ግን ነገሩ አልተዋጠልንም። ሹመት ያገኘ ሰው ደመወዙ ምን ነበር? ገባር ነበር። አንዱ ከፍ ሲል የሚያርስለት፣ እህል የሚፈጭለት፣ እንጨት የሚሸከምለት ቤተሰብ ይቈጠርለታል። ሰውየው ወጣ፤ ገባርነቱ ግን ባለበት ቀረ።

አውሮፓም ቢሆን እንደተባለው የተዘጋ አልነበረም። ከጌታው የሸሸ ገበሬ ነጻነት ባለው ከተማ ዓመት ከአንድ ቀን ከተቀመጠ ነጻ የሚወጣበት ልማድ በብዙ ስፍራ ነበር። በ1348 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የገባው ወረርሽኝ ሕዝቡን ሲፈጅ (ሞት ያመጣውን ጥቅም ማመስገን ያስቸግራል) የተረፈው ሠራተኛ ዋጋውን ጨመረ። ጌቶቹ በ1351 ደመወዝ እንዳያድግ ሕግ አወጡ፤ ጭማሪውን ግን አላቆሙትም። ይህ መንገድ የንጉሥ ዓይን ያረፈበት የአንድ ሰው መንገድ አልነበረም።

ይፋትም በሱልጣኖቹ ዘመን የቅፍለት አገር ነበር፤ ከዘይላ የሚመጣው ዕቃ በዚያ እያለፈ ነጋዴውን አበለጸገ። ነገር ግን በክርስቲያኑ መንግሥት ሙስሊም ርስት ስለማይፈቀድለት፣ ነጋዴው ደጋ ቢወጣ ወርቁ መሬት አይሆንለትም ነበር።

በእኛ አገር ብዙውን ሰው ባንድ ጊዜ የነካው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ጭሰኛው ከባለመሬቱ ግብር ተላቀቀ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ። መሬቱ ግን ከልጆች ቍጥር ጋር አያድግም። ስለዚህ በጀውሃ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርት አባት ከልጆቹ አንዱን መርጦ ያስተምራል።

እኛ እነዚያ የተመረጡት ነን። አብረውን ፊደል ቈጥረው ወደ እርሻው የተመለሱ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ክረምት ስንገባ የሽንኩርቱን ጆንያ ለማንሣት ጐንበስ ስንል፣ «እናንተ እንግዶች ናችሁ፤ ተቀመጡ» ይሉናል።