ከየት እንደመጣ ያልተጠየቀው አፈር፦ የጎብዬና የራያ ቆላ ከተሞች የሙሌት ጉዳይ

ወልድያ፦ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና የአስፓልት መንገድ ላይ የምትገኘው ጎብዬ፣ እንደ ሮቢትና ቆቦ ሁሉ፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ለዘመናት ባነጠፈው ደለል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ሜዳ ቤት፣ መጋዘን፣ ትምህርት ቤትም ኾነ መንገድ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ከመሠረቱ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ እርሱም ሙሌት ነው። ገረጋንቲ፣ የካባ ፍርስራሽ፣ የወንዝ አሸዋ፣ አንዳንዴም የእርሻ አፈር በገልባጭ መኪና ተጭኖ መጥቶ ይደለደላል።

የሙሌት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱና የሹፌሩ የዋጋ ክርክር ኾኖ ይቀራል። ነገር ግን የተጓጓዘው አፈር የሚቆየው ከቤቱ ዕድሜ በላይ ነው። የእርሻ መሬት፣ የጎረቤት ግቢ፣ የጓሮ አትክልትና የልጆች ጤና ከዚህ አፈር ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የግንባታ ብቻ ሳይኾን የግብርናም ነው።

ለምን ሙሌት አስፈለገ?

ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ውኃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይዞት የመጣውን ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ይጥላል፤ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ መውጫውም ይቀያየራል። ቤቱን ከመንገዱ ወይም ከጎርፉ ከፍታ በላይ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ግቢውን ይሞላል።

ሁለተኛው በዝቅተኛ ቦታዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር ነው። ኢትዮጵያ ወደ 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር የሚደርስ እንዲህ ያለ አፈር እንዳላት ይገመታል። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ የሸክላ ዓይነት ስላለበት ግድግዳን ይሰነጥቃል፤ ወለልንም ያነሣል። የግንባታ ባለሙያዎች ይህን አፈር ቆርጠው አውጥተው በማያብጥ ገረጋንቲ እንዲተካ የሚያዙት ለዚህ ነው። ሙሌት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደያዘና እንዴት እንደተደለደለ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

አዲስ አፈር ነው

የአፈር ሳይንስ ለረጅም ጊዜ ሙሌትን እንደ አፈር አልቆጠረውም ነበር። ይህ አመለካከት ተቀይሯል። ዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ሥርዓት እ.አ.አ በ2006 ባወጣው እትም “ቴክኖሶል” የተባለ ራሱን የቻለ ምድብ አስገብቷል። በላይኛው 1 ሜትር ውስጥ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክና የመሳሰለ ሰው ሠራሽ ቁስ ያለበት አፈር ከዚህ ምድብ መለያዎች አንዱን ያሟላል። የአሜሪካው ሥርዓት ደግሞ ሰው ኾን ብሎ በመሣሪያ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ያስቀመጠውን አፈር “በሰው የተጓጓዘ ቁስ” ብሎ ለይቶ ይመዘግባል።

ለራያ አርሶ አደር በሰው ጥበብ የተሠራ አፈር እንግዳ ነገር አይደለም። የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ሲመራ ውኃውን ብቻ አይደለም የሚያስገባው፤ ከደጋ የመጣውን ለም ደለልም በማሳው ላይ ያሳርፋል። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ነው። ጎርፍ ሲጓዝ ያበጥራል፤ ድንጋዩን ከላይ፣ አሸዋውን ከመካከል፣ ደለሉን ከታች ያስቀምጣል። መኪና ግን አያበጥርም፤ የታችኛውን መካን አፈር ከላይ፣ ለሙን ከታች አድርጎ ሊገለብጠው ይችላል። ከዚያም ዶዘርና ሮለር ይረግጡታል። የታመቀ አፈር ለመሠረት መልካም ነው፤ ለሥር ግን ግድግዳ ነው። በአዳዲስ ግቢዎች የሚተከል ማንጎና ሎሚ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲቀነጭር ጥፋቱ ሁልጊዜ የችግኙ ላይኾን ይችላል።

የአንድ ቤት ሙሌት ስንት ማሳ ነው?

ቀላል ስሌት እንሥራ። 200 ሜትር ካሬ የኾነ ቦታን በ80 ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ 160 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 10 ምልልስ ነው። አፈሩ ከእርሻ ላይ የላይኛው 20 ሴንቲሜትር ተገፎ የመጣ ከኾነ 800 ሜትር ካሬ ማሳ ተራቁቷል ማለት ነው። አንድ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብለን ብንወስድ ከጥማዱ ሲሶ የሚጠጋው ለአንድ ቤት ሄደ። መቶ ቤት ሲኾን 8 ሄክታር ይደርሳል።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በጉድጓድ እየወጣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሌሎችም ሰብሎች በመስኖ ይለማሉ። ለጉድጓድ፣ ለፓምፕና ለመስመር ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሸለቆ ነው። ውኃውን በብዙ ወጪ እያወጡ ውኃውን የሚይዘውን አፈር በመኪና አሳልፎ መስጠት ኪሳራው ግልጽ ነው።

አፈሩ የተወሰደበት ጉድጓድም ሌላ ዕዳ ነው። ሳይደፈን ከቀረ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ወባ በሚያሰጋው የራያ ቆላ ደግሞ የታቆረ ውኃ ለትንኝ መራቢያ ይኾናል። ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋ ከልክ ሲያልፍም የወንዙ ወለል ይዘቅጣል፣ ዳርና ዳሩ ይናዳል፤ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ የሚመራው ቦይም ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

ፍርስራሹ ምን ይዟል?

ራያ ቆቦ በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ከደረሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የፈረሰ ቤት ሲጠገን ፍርስራሹ አንድ ቦታ መድረስ አለበት፤ ቅርቡ ደግሞ ሙሌት የሚፈልግ ግቢ ወይም ገደል ነው። ድንጋይና ብሎኬት ተለይቶ ጥቅም ላይ መዋሉ መልካም ነው። ነገር ግን የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ አፈሩን ጨዋማ ባይኾን እንኳ ወደ አልካላይነት ይገፋዋል፤ ብረትና ዚንክን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችም ለተክል ይቆለፋሉ። አሮጌ ቀለም፣ የባትሪ ቅሪትና የጋራዥ ዘይት የተቀላቀለበት ከኾነ ደግሞ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች በጓሮ ጎመንና በሚጫወቱ ልጆች እጅ በኩል ወደ ሰው ሊደርሱ ይችላሉ። ውጊያ ከነበረበት ቦታ የሚነሣ ፍርስራሽ ያልፈነዳ መሣሪያ እንደሌለበት ሳይረጋገጥ መጫን የለበትም።

ሰው ያከማቸው ነገር እንደ ተፈጥሮ ኮረብታ እንደማይቆም አዲስ አበባ በመራራ መንገድ አይታለች። መጋቢት 2/2009 ዓ.ም በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የቆሼ ክምርና የጎብዬ ሙሌት በመጠን አይነጻጸሩም፤ የሚያመሳስላቸው ያልተጠቀጠቀና ውኃ የገባበት ክምር በራሱ ጊዜ የሚንቀሳቀስ መኾኑ ነው። በትንሹ ግቢ ላይ ይህ የሚታየው በተሰነጠቀ ግድግዳና በሰመጠ ወለል ነው።

ውኃው ወዴት ይሄዳል?

አንድ ግቢ ከፍ ሲል ጎርፉ አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ይዞራል። ጎረቤት ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚያርፈው ለመሙላት አቅም ባጣው ደሃ ቤት ነው። መንገድም እንዲሁ ነው። በሜዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ ወይም የባቡር ሐዲድ መደላደያ በቂ ቱቦና ድልድይ ከሌለው ግድብ ይኾናል። በ2007 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረው የሐራ ገበያ – መቀሌ የባቡር መስመር ሥራው ሲቀጥል በራያ ሜዳ ላይ የጎርፍ መተላለፊያው ጉዳይ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ለዚህ ነው።

በሕጎች መካከል የወደቀው አፈር

የገጠር መሬት ሕግ ባለይዞታው መሬቱን እንዲንከባከብ ያስገድዳል። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለሚያዝበት ኹኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 በዋናነት የይዞታ መብትን ይመለከታል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ በፈቃድ እንዲወጡ ያዝዛል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግም አለ። እያንዳንዱ ሕግ የራሱን ጫፍ ይይዛል። አፈሩ ግን ከገጠር ተነሥቶ ከተማ ይገባል፤ በጉዞው ላይ ከአንዱ ሕግ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ተከታይ ያጣል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደው ሀገራዊ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራም ትኩረቱ የእርሻ መሬት ስለነበር የከተማ አፈር ተመዝግቦ አልተያዘም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የሙሌቱን ምንጭ፣ ዓይነትና ከፍታ እንዲሁም የውኃ መውጫውን በአንድ ቅጽ መጠየቅ ይችላል። የወረዳው ግብርናና የመሬት ጽሕፈት ቤቶች አፈር የሚወሰድባቸውን ቦታዎች ለይተው፣ ሲጨረሱ እንዲደፈኑ ማስገደድ ይችላሉ። ለግንባታ የሚነሣ ለም የላይኛው አፈርም ለብቻው ተከምሮ ለችግኝ ጣቢያና ለጓሮ ሊመለስ ይገባል። በስሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለሸለቆው ቅርብ ነው፤ የከተማ ጓሮ አፈርን በጥናቱ ቢያካትት ለነዋሪው ትልቅ እገዛ ይኾናል።

ነዋሪውም የራሱን ግቢ መፈተሽ ይችላል። ሙሌቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር በሚደርስ ንብርብር እየረጠበና እየተጠቀጠቀ መደልደሉን ይከታተል። አትክልት ከመትከሉ በፊት ግማሽ ሜትር ቆፍሮ ፕላስቲክ፣ ሲሚንቶ ወይም የዘይት ሽታ እንዳለ ይመልከት። ጉድጓዱን ውኃ ሞልቶ ካሰረገ በኋላ ደግሞ ሞልቶ ይለካ፤ ውኃው በሰዓት ከ2 ሴንቲሜትር በታች የሚቀንስ ከኾነ አፈሩ ታምቋል። ያን ጊዜ በጥልቅ ቆፍሮ ብስባሽ መጨመር፣ ወይም መደብ ሠርቶ በንጹሕ አፈር መትከል ያዋጣል።

የራያ ገበሬ ጎርፉ ከየትኛው ተራራ እንደወረደ በደለሉ መልክ ይለያል። ከተማው ለሚያመጣው አፈር ይህን ያህል ዕውቀት እንኳ የለውም። ቅጹና ቁጥጥሩ መምጣት ያለበት የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ገልባጮቹም ሥራ በሚበዛባቸው በበጋው ወራት ነው።