ሐውልት ለሕያው

ሰው የሰማውን ፈጥኖ ይረሳል፤ ዘወትር በዐይኑ የሚያየው ግን በልቡ ይቀራል። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ፊደል ላልቈጠረው ሕዝብ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ መጽሐፍ አደረጉለት። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ቀና ቢል ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቶ ያያል፤ ማንበብ የማይችለውም ትምህርቱን ይዞ ይወጣል።

በአዲስ አበባም በ1923 ዓመተ ምሕረት በምድር ባቡር ጣቢያ ፊት የአንበሳ ሐውልት ተተከለ። ጠላት ወደ ሮማ ወስዶት ነበር፤ ኋላ ግን ተመልሷል። ለነሐሱ አንበሳ ይህን ያህል የተቈረቈርን ሰዎች ስለ ሕያው አንበሳ ምን ያህል እናስባለን? በሱዳን ጠረፍ፥ በቋራ ቆላ በሚገኘው በአልጣሽ ፓርክ አንበሳ መኖሩን ሊቃውንት በፎቶግራፍ አረጋግጠው በ2008 አስታወቁ። የአገሩ ሰው ግን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ወደ ሽንፋ እንምጣ። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ የቈፈሩ ተመራማሪዎች ከ74000 ዓመት በፊት በዚያ የነበሩ ሰዎች ወንዙ በበጋ ሲቈራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እየበሉ እንደ ኖሩ፥ የሰጎን እንቍላል ቅርፊትም እንደ ተገኘ በ2016 ገልጠዋል። ይህን ያህል ዘመን ሰውን የመገበ ምድር ዛሬ አንድ ታላቅ ሀብቱን ሊያጣ ነው፤ ይኸውም የዕጣን ዛፍ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ደኖችን መርምሮ፥ ከመቶው ከ75 የሚበልጡት ወጣት ዛፍ የሌላቸው መሆኑን፥ በ20 ዓመት ውስጥም ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቋል። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፥ እሳት ይፈጀዋል፤ ትልቁ ዛፍ ዕረፍት ሳያገኝ ይቈስላል፥ ጥንዚዛም ይቦረቡረዋል፤ ደኑም ለሰሊጥ እርሻ ይመነጠራል። ሽማግሌ ብቻ የቀረበትን መንደር መስሏል።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። በሽንፋ፥ በመተማና በገንዳ ውኃ አደባባዮችና በትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የዕጣኑ ዛፍ ከነቡቃያው፥ የአልጣሽ አንበሳ፥ የወንዙም ዓሣ ይሣሉ፥ ይቀረጹም። ሠዓሊው የአገር ልጅ ይሁን፤ ዕጣን የሚለቅሙት ሠራተኞችም ስሕተቱን ያርሙለት። ሥዕሉ ለጌጥ ብቻ አይሁን፤ የቈሰለ ዛፍ ማረፍ እንደሚገባው፥ ቡቃያም ከከብትና ከእሳት እንዴት እንደሚከለል ያሳይ።

«ሥዕል ችግኝ አይሆንም» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ገበሬውም ስለ ሰሊጡ ቢከራከር አይፈረድበትም፤ የልጆቹ እንጀራ ነውና። ለሥዕል የሚወጣውም ገንዘብ ለጥበቃ የተመደበውን አይንካ። ነገር ግን ደንን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሰውም ተግቶ የሚጠብቀው የሚያውቀውንና የሚወደውን ነው።

በቋንቋችን ለክብር የሚቆመውም፥ በመቃብር ላይ የሚተከለውም ሁለቱም ሐውልት ይባላል። ጢሱ በየጧቱ ከጽናው የሚያርገው ዕጣን ዛፉ በሕይወት ሳለ የክብሩን ሐውልት እናቁምለት፤ ከዘገየን የምናቆመው የመቃብሩን ይሆናል።